ከደጋ ወደ ውሃ ዳር፦ መኖሪያ ስንመርጥ ምን እንመዝን?

የምደባ ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በማደሪያችንም፣ በምግብ ቤት ሰልፍም የሚነሣው ወሬ አንድ ነው። «የት ብትመደብ ትወዳለህ?» ይባላል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይወጣም። አንዱ ወገን ትልቅ የደጋ ከተማ ይላል፤ በተለይ አዲስ አበባን ወይም ለእርሷ የቀረበውን። ሌላው ወገን «እኔስ ውሃ ዳር ይሻለኛል» ብሎ ሐዋሳን፣ ባሕር ዳርን፣ አርባ ምንጭን ይጠራል። ጅቡቲ ዘመድ ያለውማ «ጥቂት አስተምሬ ወደ ባሕሩ ነው» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው ምክንያት በጣም ጥቂት ነው። የከተማው ወዳጅ መብራቱን፣ የውሃ ዳሩ ወዳጅ ፎቶግራፉን ነው የሚያሳየን።

እርግጥ ነው፣ ሰው የት እንደሚኖር መምረጥ የራሱ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ መምህር ሲሆን ጉዳዩ የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በመስከረም ደርሶ ሙቀቱን ወይም ብርዱን አልቻልኩትም ብሎ በኅዳር ሻንጣውን የሚያነሣ መምህር ከኋላው አንድ ሙሉ ክፍል ተማሪ ጥሎ ነው የሚሄደው። የሚተካው ሰው እስኪገኝ ድረስ የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ የጨዋታ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ከመካከላችን በልጅነቱ እንዲህ ያለ መምህር ያልሄደበት ስንት ሰው ይገኛል? ስለዚህ ቅጹ ላይ ስም ከመጻፋችን በፊት ሚዛኑን ማንሣት ይገባናል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንበል። በአማርኛችን «ባሕር» ሰፊ ቃል ነው። ባሕር ዳር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከጣና ነው፤ ጣና ደግሞ ሐይቅ ነው። በጥንቱ ዘመን በቀይ ባሕር በኩል ያለውን አገር የሚገዛው ሹም ባሕር ነጋሽ ይባል ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1993 ድረስ የምጽዋና የአሰብ ወደቦች የአገራችን በሮች ነበሩ፤ ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላ ግን ለእኛ «ውሃ ዳር» ማለት በአገር ውስጥ ሐይቅ ዳር፣ ከአገር ውጭ ደግሞ በይበልጥ ጅቡቲ ሆኗል። ሁለቱን አንድ ላይ የምናነሣቸው ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያስባቸው ነው። የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ የሚለያዩበት ግን ይበዛል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ይህን በጂኦግራፊ ደብተራችን ላይ ሁላችንም ጽፈነዋል፤ መኖሪያ ሲመርጥ የሚያስታውሰው ግን የለም። እስቲ እናስላው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጅቡቲ ከተማ ደግሞ እባሕሩ ጠርዝ ላይ። 2,350ን ለ100 አካፍለን በ0.65 ስናባዛ 15 ዲግሪ ይመጣል። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ አካባቢ፣ የጅቡቲ 30 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ እንግዲህ አጋጣሚ አይደለም። ይኸው ሒሳብ ለሐይቆቻችንም ይሠራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል፣ ሐዋሳ 1,700 ያህል፣ አርባ ምንጭ ግን 1,300 ያህል ላይ ነው ያሉት። በባሕር ዳርና በአርባ ምንጭ መካከል የ500 ሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ይህም ከ3 ዲግሪ በላይ ነው። ሁለቱም ውሃ ዳር ናቸው፤ የሚለበሰው ልብስና የሚታደርበት አልጋ ግን አንድ አይደለም። «ውሃ ዳር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙም አይነግረንም።

ሙቀትም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ አየሯ ግን ደረቅ ስለ ሆነ ላብ ቶሎ ይተናል። ላብ ሲተን ከሰውነት ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ዕረፍት ያገኛል። ባሕር ዳርቻ ላይ ግን አየሩ ራሱ በርጥበት የተሞላ ነው። ላቡ አይተንም፤ ይንጠባጠባል እንጂ። ቴርሞሜትሩ ድሬዳዋ ላይ 36፣ ጅቡቲ ላይም 36 ቢያሳይ ለሰውየው እኩል አይደለም። ሌሊቱም ሌላ ነው። መሬት ቀን ቶሎ ይሞቃል፣ ማታም ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ግን ሙቀቱን ይዞ ያመሻል። የባሕር ጠረፍ የበጋ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ይኸው የመሬትና የውሃ ልዩነት አንድ ጥሩ ነገር ያመጣል። ቀን መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይነሣና ከውሃው በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይገባል፤ ማታ ደግሞ ነፋሱ ከመሬት ወደ ውሃ ይመለሳል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ የሚሰማን ነፋስ ይኸው ነው። የመማሪያ ክፍሉ መስኮት ወደ ውሃው በኩል ከሆነ መምህሩ ዕድለኛ ነው። ጀርባውን ለሐይቁ ከሰጠና ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚያስተምረው ግማሽ የተኛ ክፍል ነው። ተማሪዎቹን መውቀስ አያስፈልግም፤ እኛም ብንሆን እንተኛለን።

ከፍታ እስከ ማድቤት ድረስ ይገባል። ውሃ በባሕር ጠርዝ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ በ92፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል ማለት ነው። ድስቱ ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ ያነሰ ስለ ሆነ ባቄላውና ሥጋው ቶሎ አይበስልም፤ ከሰሉ ያልቃል። ለብቻው የሚኖር ጀማሪ መምህር ይህንን ከደመወዙ ላይ ያየዋል። ቆላ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በደብረ ብርሃን ብርድ ቀናት ፈጅቶ የሚቦካው ሊጥ በሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል፤ የተጋገረው እንጀራም ርጥበት ባለበት አገር ሳይቆይ ይሻግታል። የሳምንት እንጀራ ጋግሮ መሶብ ውስጥ ማኖር የደጋ ሰው ልማድ ነው። ወደ ቆላ ሲወርድ ልማዱን መለወጥ አለበት፤ አለዚያ እንጀራውን ለዶሮ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ደጋና ውሃ ዳርን ከሁሉ ይበልጥ የሚለያቸው ወባ ነው። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ አየሩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቦታ በጠቅላላው ወባማ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ የጠራናቸው ሦስቱም የሐይቅ ዳር ከተሞች ከዚህ መስመር በታች ናቸው። ዋናው ወቅት የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነው። አዲስ የተመደበ መምህር የሚደርሰውም ልክ በዚሁ ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። በደጋ ያደገ ሰው ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ሲይዘው አብዝቶ ይጥለዋል። የአገሬው ልጅ ሁለት ቀን አተኩሶት ሲነሣ እርሱ ሁለት ሳምንት ይተኛል። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ከመጽሐፍ አስቀድሞ አጎበር መያዝ አለበት፤ ትኩሳት ሲሰማውም «ድካም ነው» ብሎ ሳያሳድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ማስመርመር ይገባዋል።

ይህ የድሮው ዕውቀት ነው፤ አሁንም ይሠራል። ግን አዲስ ነገር ተጨምሮበታል። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባል ትንኝ አለ፤ ከእስያ የመጣ ነው። በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ነው፤ በአገራችን ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። የነባሩ ትንኝ እጭ ኩሬና ረግረግ ይፈልጋል፤ ይኸኛው ግን ሰው ለመጠጥ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ በበርሜልና በሮቶ፣ በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ይራባል። በዚህም የተነሣ ወባን ወደ ከተማ መሐል፣ ዝናብ ወደሌለበት ወቅትም አመጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ ምክንያቱ ይኸው ትንኝ ሆኖ ተገኝቷል። ለእኛ የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚመጣበት ከተማ ሰው የግድ ውሃ ያጠራቅማል፤ ክዳን የሌለው በርሜል ደግሞ የትንኝ ማሳደጊያ ይሆናል። የውሃ ችግርና የወባ ችግር ሁለት ጉዳይ መስለው ይታዩን ነበር፤ እዚህ ላይ አንድ ሆነዋል። «ከተማ ስለ ሆነ ወባ የለም» የሚለውም አነጋገር በየቦታው አይሠራም።

ደጋ ደግሞ በሽታ የለውም እያልን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ብርድ ባለበት ሰው ተጨናንቆ፣ ልብስ ደራርቦ፣ መስኮት ዘግቶ ስለሚያድር የሳንባ ምችና ጉንፋን ይበዛል። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም የቆየ የደጋ ጠላት ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ጓደኛችንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንቀውም፤ አየሩ ስስ ነው።

ከወባ ቀጥሎ የምንጠጣው ውሃ ይመጣል። ሐይቅ አጠገብ እየኖሩ የሚጠጣ ውሃ ማጣት ላልኖረበት ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከዚህ በብዙ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ውጤቱ በመጀመሪያ የሚታየው በጥርስ ላይ ነው። ሕፃናት ጥርሳቸው በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ ከጠጡ ጥርሱ ይበልዛል፤ ኋላም አይለቅም። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ይጎዳል፤ ይህ በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታወቀ ታሪክ ነው። ልብ ልንል የሚገባን ማፍላት አይረዳም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይዱ ግን አይተንም፤ እንዲያውም ውሃው ሲያንስ እርሱ ይበዛል። የዝናብ ውሃ ግን ከዚህ ነፃ ነው። አንድ መምህር ለብቻው ሁለት ዓመት አገልግሎ ቢመለስ ነገሩ ያን ያህል ላያስጨንቀው ይችላል፤ ትዳር ይዞ ልጅ ሊያሳድግ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ተመርምሮ እንደ ሆነ መጠየቁ ከኪራዩ ዋጋ በፊት ይመጣል። ከዚሁ ጋር ቢልሃርዚያ አለ። በጣና፣ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዳር ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚያስተላልፉት በሽታ ነው፤ የሚገባውም በቆዳ በኩል ነው። ጣና ዳር የተነሣው ፎቶግራፍ ላይ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚስቀው ሰው ይህን አያውቅም።

ስለ ዳርም ሲነሣ ውሃ ባለበት አይቆምም። የሐረማያን ሐይቅ ነገር ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። የሐረር ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪ ከእርሱ ይጠጣ ነበር፤ ዓሣም ይወጣበት ነበር። በመስኖ ተቀድቶ፣ በደለል ተሞልቶ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀና ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። በኋላ ዓመታት እንደ ገና ውሃ ሲይዝ ታይቷል፤ ግን ያኔ በሐይቁ ተማምኖ ቤት የሠራ ሰው ሜዳ አጠገብ ከርሟል። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ ተቃራኒውን ነው ያደረገው። ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት ጥቂት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ ውሃው የግጦሽ መሬት ዋጠ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውንም መንገድ ተፈታተነ። ጣና ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የሚባለው አረም ዓሣ አጥማጁን ከጀልባው እያገደው ይገኛል። ዓሣ ርካሽ ነው ብሎ የውሃ ዳር ኑሮን የሚያሰላ ጓደኛችን ይህንንም ቢጨምርበት መልካም ነው። ቆሮሶውም ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም።

እስከ አሁን «ከተማ» እና «ውሃ ዳር» እያልን ሁለት ነገር አድርገን መጣን። እውነቱን ለመናገር ግን ሐዋሳና ባሕር ዳር ራሳቸው ትልልቅ ከተሞች፣ የክልል መቀመጫዎች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲም አላቸው። የቤት ኪራዩም እንደ ከተማ ነው። ወሳኙ ነገር ሌላ ነው፦ «ሐዋሳ» ብሎ የሞላ ሰው ብዙ ጊዜ ሐዋሳ ላይ አይወድቅም፤ ከከተማው ራቅ ባለ ወረዳ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ባለ ቀበሌ ይመደባል። ያኔ የሐይቁ ነፋስ የለም፤ ሙቀቱና ወባው ግን አሉ። በተመሳሳይም የደጋ ከተማ የመረጠ ሰው ብርዱን ያገኛል፤ መብራቱን አያገኝም። ስለዚህ የምንመዝነው የከተማውን ስም ሳይሆን ልንደርስበት የምንችለውን አካባቢ ሁሉ መሆን አለበት። ትልቅ ከተማ ለመምህር የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። የማታ ትምህርት አለ፤ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ማስጠናት የሚፈልግ ወላጅ ይገኛል። በአንጻሩ ኪራዩ ደመወዙን ይበላዋል፤ ከሥራ ቦታ መመላለሻ ታክሲና ባጃጅም የቀረውን ይለቅመዋል። ትንሽ ከተማ ላይ ደመወዙ ይበረክታል፤ የሚማርበት ቦታ ግን ያጣል። የትኛው ይበልጣል ለሚለው፣ በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደመወዝ የሚበረክትበት ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱን ለመቀጠል የሚያስብ ሰው ከተማ መፈለጉ አይቀርም።

ወደ እውነተኛው ባሕር፣ ወደ ጅቡቲ እናምራ። በመንገዱ ላይ ያለ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ከሥሩ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚከተለው ይህንኑ አቅጣጫ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ዘመዳችን የሚያወራልን ደመወዙን ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር ሁልጊዜ ከ177 ፍራንክ ትንሽ ይበልጣል። ብር ግን ከዓመት ዓመት ይወርዳል፤ ስለዚህ ወደ ብር ሲመነዘር ቁጥሩ ዓይን ይሞላል። ነገር ግን የሚኖረው በፍራንክ ነው፣ የሚገዛውም በፍራንክ። ጅቡቲ ዝናብ የሚያጣት፣ የሚታረስ መሬት የሌላት አገር ናት። አትክልቱና ጫቱ በብዛት ከእኛ አገር ይጫናል። ከ2011 ጀምሮ መብራት ከኢትዮጵያ ይሄዳል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በሶማሌ ክልል ከሐዳጋላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች 102 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ውሃ ይሄዳል፤ መጠኑም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። እንግዲህ ባሕሩ አጠገብ የሚኖረው ዘመዳችን የሚጠጣው ከላይ የወረደውን ውሃ ነው፤ ጤፉም ከላይ የወረደ ነው፤ የመጓጓዣው ዋጋ ተጨምሮበት።

ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ያለ ማራገቢያ መተኛት አይቻልም፤ አቅም ያለው ማቀዝቀዣ ያስገባል፤ የመብራቱ ሒሳብ ደግሞ ከኪራዩ ጋር ይፎካከራል። ሥራ በማለዳ ይጀምርና እኩለ ቀን ሲያልፍ ከተማው ይተኛል። በባሕሩ ጨው ምክንያት ቆርቆሮውና የበር ማጠፊያው ይዝጋል፤ በርጥበቱ መጽሐፍ ይሻግታል። ለመምህር ከሁሉ የሚከብደው ቋንቋው ነው። የመንግሥቱ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ እኛ እዚህ የተማርነው የማስተማር ሙያ እዚያ ወዲያው አይሠራም። ስለዚህ ሄዶ የሚገኘው ሥራ ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ነው። ይህን አውቆ የሚሄድ ይሂድ፤ አስተምራለሁ ብሎ የሚሄድ ግን አስቀድሞ ፈረንሳይኛውን ይያዝ።

የድሮ ሰዎች ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ፈትተውት ነበር፤ አንዱን መርጠው ሌላውን አልተዉም። በምጽዋና በአስመራ መካከል ባለው ቁልቁለት ላይ ደጋው በሐምሌና በነሐሴ፣ የባሕሩ ጠረፍ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ዝናብ ያገኛል። ከብት አርቢው ይህን አውቆ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጣሊያኖችም ምጽዋ ላይ የጀመሩትን መቀመጫ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ አስመራ አወጡት፤ በ1911 ባቡሩ አስመራ ሲደርስም ሰው ለብርዱ ወራት ወደ ባሕር መውረድ፣ ለሙቀቱ ወራት ወደ ደጋ መውጣት ቀለለው። በእኛም አገር ሐረርና ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተራርቀው ሁለት የተለያየ አየር አላቸው፤ አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ ዘመድ ያለው ሰው የሁለቱንም ይጠቀማል። የመምህር የክረምት ዕረፍት ለዚህ የተመቸ ነው። ዓመቱን ቆላ ላይ አስተምሮ ሐምሌና ነሐሴን ደጋ ላሉት ወላጆቹ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም አላጣም። ለዚህ ግን የመመለሻው መንገድ መቆጠር አለበት። ስንት ሰዓት ነው? ስንት መኪና ይለወጣል? በክረምት ይዘጋል ወይ? እናት ብትታመም በማግሥቱ የማይደረስበት ቦታ በካርታ ላይ ቅርብ ቢመስልም ሩቅ ነው።

ታዲያ በተግባር ምን እናድርግ? ቦታውን በጥሩ ወሩ አይተን አንፍረድ። ሐይቅ ዳር ሁሉ በጥር ያምራል፤ በመጋቢት መጨረሻ ቀትር ላይ ወይም ዝናቡ ባቆመ በጥቅምት ማታ ነው መታየት ያለበት። ደጋውንም በኅዳር ውርጭ ሌሊት እንጂ በመስከረም አበባ አንመዝነው። መሄድ ካልተቻለ ሰው ይጠየቅ፤ ግን የሚጠየቀው ሰው ይመረጥ። የሆቴል ሠራተኛ እንግዳ ማባረር አይፈልግምና መልሱ የታወቀ ነው። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ጀሪካን እየቸረቸረ የሚያድረውን ልጅ፣ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ብንጠይቅ ይሻላል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? አንድ ጀሪካን ስንት ነው? ባለፈው ጥቅምት ስንት ሰው በወባ ተኛ? ካለፉት መምህራን ስንቱ ዓመቱን ጨረሱ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሌሎቹን ሁሉ በውስጡ ይዟል።

በእኛ ማደሪያ ይህን ሁሉ ተነጋግረን ሁላችንም አልተስማማንም። ሦስት ጓደኞቻችን አሁንም አርባ ምንጭ እንዳሉ ናቸው፤ አጎበራቸውን ይዘው። አንዱ ባሕር ዳርን ሰርዞ ደብረ ብርሃን ብሏል፤ ብርዱን ግን ገና አልቀመሰውም። ቅጹ የሚመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከሠልጣኞች መካከል በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በጣና ዳር፣ በድሬዳዋና በደብረ ብርሃን ያደጋችሁ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ የሰፈራችሁን ስም፣ ቧንቧው በሳምንት የሚመጣበትን ቀንና የአንድ ክፍል ኪራይ ጻፉበት። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ እዚያው ተዉት።